ለአባቴ የመረጥኩት ቦርሳ

አባቴ ዕድሜውን በእግሩ የጨረሰ ወንጌላዊ ነው። እኛ ቆላው ከተማ ሲቀላ በሙቀት ስንቀቀል እሱ ደጋው ጨንቻ ላይ ከመኪና ወርዶ በጭቃና በጉም ውስጥ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዳንዱ ጋ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ጋ ማደር አለ። ጀርባው ላይ ሁልጊዜ ቦርሳ አለ፤ ቦርሳው ደግሞ ሁልጊዜ ወይ ተቀዷል ወይ ሊቀደድ ነው። ሌላው ሰው ስለ አባቱ ሲያስብ ድምፁ ወይ ሳቁ ይመጣለት ይሆናል። ለእኔ የሚመጣልኝ አልዘጋ ያለ ዚፕ በሲባጎ ሲያስር ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሞተር ብስክሌት እንገዛለን ብለው ቃል ሲገቡለት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ፣ አጥቼ፣ በመጨረሻ አንድ ቢሮ ገብቼ ወንበር ከያዝኩ በኋላም ሞተሩ ገና በጸሎት ላይ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አባቴ ግን አንድ ቀን ቅር ብሎት አላየሁም። ቅር የሚለው እኔን ነው፤ በሱም ፈንታ በራሴም ፈንታ።

ካቻምና ክረምት የቦርሳው አንድ ማንገቻ ቁልቁለት ላይ ተበጠሰ። ሚዛኑን ስቶ በጉልበቱ ወደቀ። ቤት ሲገባ ሱሪው ተቀዶ፣ ጉልበቱ አብጦ፣ ቦርሳውን በክንዱ አቅፎ ነበር። እናቴ ጉልበቱን በሙቅ ውሃ ስታጥብለት እሱ የሚጠይቀው ስለ እንቁላሉ ነበር። አንዲት የደጋ ሴት ለልጇ አድርስልኝ ብላ የሰጠችው እንቁላል ቦርሳው ውስጥ ተፈጥፍጦ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ሳይቀር ደርቆ ነበር። እንቁላሉን ከመዝሙረ ዳዊት ላይ በጥፍሬ እየፋቅሁ ቦርሳ እገዛለሁ ብዬ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ጠባይ መናገር አለብኝ። እኛ ጋ ደጋ የሚወጣ ሰው የራሱን ዕቃ ብቻ ይዞ አይወጣም፤ የሚወርድም እንዲሁ። ወንጌላዊ ነገ ይወጣል ከተባለ ሲመሽ በራችን መንኳኳት ይጀምራል። አንዷ ለእናቷ መድኃኒት ትልካለች፤ አንዱ ለወንድሙ ጫማ። ቆላው ላንቴ መንደር ያለችው አክስቴ ለአማቿ ሙዝ ትልካለች፤ ያውም ጥቂት ፍሬ ሳይሆን ከነግንዱ። ሲመለስ ደግሞ ገብስ፣ ፖም፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ሲቀላ አሠራልኝ የተባለ የተበላሸ ስልክ። አባቴ እንቢ ማለት አልፈጠረበትም። «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» ይላል። እኔም ትከሻህስ እለዋለሁ። ትከሻው በተረቱ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ገበያ ስወጣ የምፈልገውን አውቅ ነበር። ጠንካራ ይሁን፣ ግን ትልቅ አይሁን። ትልቅ ከገዛሁለት አገር ይሞላበታል። ትንሽ ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ቅያሪ ልብሱና ስንቁ አይገቡም። መካከለኛ ሆኖ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ረዳቱ ቀምቶ ጣሪያ ላይ ይወረውረዋል፤ ጨንቻ ሲደርስም ልብሱ ታጥቦ ያልተጨመቀ ነው የሚሆነው።

ሲቀላ ቦርሳ የሚሸጥበት መደዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ሁሉም ኦሪጅናል ነው ይላል። የአንዱ ቦርሳ የፋብሪካ ስም በደረቱ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል አጻጻፍ ተጽፏል፤ እሱም ኦሪጅናል ነው። «ይቺ ብዙ ትይዛለች» እያሉ ሲያሞግሱልኝ እያስቀመጥኩ አለፍኩ። ቦርሳ ሲታይ የሚያምረው ፊቱ ነው፤ የሚቀደደው ግን ሥሩ ነው። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልብጬ አየሁ። ብዙዎቹ አንድ መስመር ተሰፍተው ክራቸው ተንጠልጥሏል። ያዝ አድርጌ ስስበው አንዱ ተተረተረ፤ ባለቤቱም እንዳላየ ሆነ።

በመጨረሻ ከሰልባጅ ክምር ሥር አንድ ጥቁር አረንጓዴ ቦርሳ ጎተትኩ። ሸራው ወፍራም፣ ታችኛው ክፍል ድርብ፣ የዚፑ ጥርስ ጠብደል ያለ። የማንገቻው ሥር አራት ማዕዘን ተሰፍቶ በመካከሉ ደግሞ የመስቀል ስፌት አለው። የውስጡ ስፌት እንዳይተረተር በጥብጣብ ተሸፍኗል። ጀርባው ላይ ስፖንጅ አለው፤ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ከነዘለበቱ አለው። ሻጩን ጫማ ሙላበት አልኩት። ሞላልኝ። አንጠልጥዬ ነቀነቅሁት፣ ዚፑን ስከፍት ስዘጋ ቆየሁ፣ መሬት አስቀምጬም ተቀመጥኩበት።

«እህቴ፣ ቦርሳ ነው ወይስ ባል የምትመርጪው?» አለኝ።

«ለባል ይህን ያህል አልመረምርም» አልኩት። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ዋጋውን እዚህ አላነሳም፤ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

አባቴ ቦርሳውን ተቀብሎ አገላብጦ አየ። ጥሩ ነውም መጥፎ ነውም አላለም። እሱ ከወደደ ዝም ይላል፣ ካልወደደም ዝም ይላል፤ እናቴ ብቻ ነች ልዩነቱን የምታውቀው። ቀበቶውን አንጠልጥሎ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ወገብህ ላይ ታስረዋለህ። ክብደቱን ከትከሻ ያነሳል።»

«ፈረንጅ ልታስመስዪኝ ነው?» ዶርዜ የሚወጡት ጎብኚዎች እንዲህ ያለ ታጥቀው ሲያልፉ አይቷል። ከዚያ እጁን ውስጡ ከትቶ ለካው። «ትንሽ ጠበብ አይልም?»

«ልክህ ነው።»

«የሰው ዕቃስ የት ይገባል?»

«አይገባም አባ። ለዚያ ነው የገዛሁት።»

በማግስቱ ማለዳ ቦርሳውን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ቀበቶውን ሳያስር አንጠልጥሎ፣ የሰው ዕቃ የሞላበት ፌስታል በግራም በቀኝም እጁ ይዞ ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪጨንቃት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቢሮ ስገባም ያ ፌስታል ዓይኔ ላይ ነበር።

ቦርሳው ግን ጨዋ ሆኖ ተገኘ። ዝናብ መታው፣ ጭቃ ላይ ወደቀ፣ አጥር ያዘው፤ አንድ ክር አልሳሳም። አባቴ በመጣ ቁጥር አጥቤ አሰጣለሁ፤ ስፌቱንም አንድ በአንድ አያለሁ። ከምሥጋና የቆጠርኩት ይህንን ነበር።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአጥቢያችን የመላክ እሁድ የሚባል አለ። በዓመቱ ወደ ሩቅ ቦታ የሚመደቡ አገልጋዮች ቦርሳቸውን አዝለው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ይጸልዩላቸዋል፤ ከዚያ ሕዝቡ እየዘመረ እስከ በሩ ይሸኛቸዋል፤ እነሱም ከዚያው ወደ መናኸሪያ ይሄዳሉ። ቦርሳ የሌለው መድረክ ላይ አይወጣም። ልጅ ሆነን ይህን ጨዋታ እንጫወት ነበር፤ ትራስ አዝለን እንላካለን።

አባቴ ዲታ ወረዳ ውስጥ አንድ ሩቅ መንደር ላኩኝ እያለ ሽማግሌዎቹን ሲለምን ቆይቷል። አዳዲስ አማኞች አሉ፤ የሚያስተምራቸው የለም። እነሱ ደግሞ ዕድሜህ፣ ጉልበትህ እያሉ ያቆዩታል። በዚያ ሳምንት አንደኛው ሽማግሌ ስልክ ደውለው እሁድ መድረክ ላይ እንደሚወጣ ነገሩት። ሌላ ያሉት የለም። አባቴ ስልኩን አስቀምጦ ወደ እናቴ ዞረና በጋሞኛ «ፈቀዱልኝ» አላት። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ጫማውን ማጠብ ጀመረ።

ቅዳሜ እናቴ ቦርሳውን ሞላችው። ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሶ፣ በትንሽ ጠርሙስ ዳጣ፣ የጉልበቱ ቅባት። የሰው ዕቃ አልተቀበለም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎችን በሚቀጥለው ብሎ መለሳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። እዚያው ዲታ ብቻውን የሚኖር ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሬዲዮ ሰጥቶት አባቴ ሲቀላ አሠርቶለት ነበር፤ እሱን በሹራቡ ጠቅልሎ መካከል አስቀመጠው። እሁድ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጠራኝና «ያንን ቀበቶ እሰሪልኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። በወገቡ ልክ አሳጥሬ አጠበቅሁለት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኳየሩ ዘመረ። መድረኩ ላይ አዲስ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ዳር አባቴ ቆሟል፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ቀበቶው ታስሮ። ዋናው ሽማግሌ ማይኩን ያዙ። ዛሬ ሁለት ደስታ አለን አሉ። አንደኛው ልጆቻችንን መላካችን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለብዙ ዘመን የደከመልንን አባታችንን በክብር ማሳረፋችን ነው።

ማሳረፍ የሚለውን ስሰማ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ ሁለት ሴቶች የዶርዜ ጋቢ ዘርግተው ይዘው ወጡ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጥሩ ጋቢ ነው፤ ጋቢው ላይ ክፉ መናገር አልችልም። አምጥተው ከነቦርሳው አለበሱት። እልልታው ጣሪያውን ነካ። አባቴ ጋቢው ሥር ጀርባው ተቆልሎ፣ ጎብጦ፣ እጆቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመ። ፊቱ ላይ እየገባው ሲሄድ አየሁት። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት ደስ ብሏት ታለቅሳለች።

ሽማግሌው ያኔ ነው ቦርሳውን ያስተዋሉት። ለአፍታ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ይኸው አያችሁ» አሉ በማይኩ፣ «አባታችን ቦርሳውን ሳይቀር ለተተኪው ይዞለት መጥቷል።» እልልታው እንደገና ቀለጠ።

አባቴ በሕዝቡ መካከል ፈለገኝ። ዓይኑ ሲያገኘኝ ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይሆንም፣ አትስጥ። አየኝ፤ እንዳየኝ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ዘለበቱን መነካካት ጀመረ። አያውቀውም፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ እያየ ጣቶቹ ሲታገሉ ተተኪው ወጣት በትሕትና ተንበርክኮ ፈታለት፤ ከጀርባው አውርዶም አዘለው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሽማግሌውን በር ላይ ያዝኳቸው።

«ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁትም?» አልኳቸው።

«ሰርፕራይዝ እንዲሆንለት ነዋ ልጄ። ደስ እንዲለው ብለን» አሉኝ። ከልባቸው ነው። «ደግሞ ሁለት ፕሮግራም ማዘጋጀት ወጪ ነው። አንድ ላይ ይሻላል ተባለ።»

«እሱ እኮ የሚላክ መስሎት ነው የመጣው። የለበሰው ለመንገድ ነው።»

«ምነው እንዲያ አይነት ቅሬታ አላሳየንም» አሉ። ከዚያ ሰው ጠራቸው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አባቴን እልል እያሉ ነው የወሰዱት። ቢሰድቡት፣ ቢያባርሩት እንኳ ሄጄ የምጮህበት በር ነበረኝ። ጋቢ አልብሰው ያሰናበቱትን ሰው ልጅ ማን ይሰማታል?

ቤት ስንገባ ሄጄ ቦርሳውን አመጣለሁ አልኩት። ተቆጣ። እሱ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል።

«የተሰጠ ነው።»

«አንተ አልሰጠህም። እሳቸው ናቸው የሰጡት።»

«እልል ተብሎበታል። እልል የተባለበት ነገር አይመለስም።» ጋቢውን አጥፎ ለእናቴ ሰጣት፤ እሷም ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ተተኪው ወጣት ጉዞውን አንድ ቀን አቆይቶ መጣ። መንፈሳዊ ኮሌጅ የጨረሰ፣ ንግግሩ የተስተካከለ፣ እንደ አዲስ አማች አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ አላመች አለኝ። በእጁ ፌስታል ይዟል። የአባቴን ዕቃ በሙሉ አምጥቷል፤ ሸሚዞቹን አጥፎ፣ ዳጣው እንዳይፈስ ለብቻ ጠቅልሎ። ሬዲዮኑን ከላይ አድርጎታል። አባቴ መረቀው፤ መንገዱን፣ የሚያድርባቸውን ቤቶች፣ ውሻ ያለበትን ግቢ ሳይቀር ነገረው። እኔ ከጓዳ ሆኜ ፌስታሉን አየሁ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን አገልግሎ በፌስታል ተመለሰ።

አባቴ ለተወሰኑ ቀናት ከቤት አልወጣም። ሬዲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ እሱም ፊት ለፊቱ። በራችንን የሚያንኳኳም ጠፋ። ደጋ የማይወጣ ሰው ምን ይደረግለታል? አንድ ጠዋት ግን ለብሶ አገኘሁት። ሬዲዮኑን ፌስታሉ ውስጥ እየከተተ ነው።

«ለተተኪው ስጠው፣ እሱ ያድርሰው» አልኩት።

«አደራው ለእኔ ነው የተሰጠው።»

«እንግዲያው ቆይ፣ ቦርሳ ልግዛልህ። ዛሬውኑ እገዛለሁ፣ ያንኑ ዓይነት።»

የፌስታሉን አፍ ቋጠረ። «ቦርሳ ለተላከ ሰው ነው» አለ። «እኔን ማን ላከኝ?»

ባጃጅ እስኪይዝ ድረስ ከኋላው አየሁት። ጀርባው ላይ ምንም የለም። እኔ ስንት ዓመት የተመኘሁት ይህንን ነበር፤ ያቺ ትከሻ ባዶ እንድትሆን። በማግስቱ በዚያው ፌስታል ገብስ ይዞ ተመለሰ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ማን ነው ከእንግዲህ የሚመጣው ብሎ እንደጠየቀው ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ምን ብሎ እንደመለሰለት አልነገራትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፏል። በቅርቡ ከቢሮ ስመለስ ተተኪውን መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። ሞተር ብስክሌት ላይ ነው። አዎ፣ ተገኘ፤ ጸሎቱ ተመለሰ። ለካስ ጸሎት ላይ የነበረው ለሌላ ሰው ነው። ጀርባው ላይ ጥቁር አረንጓዴው ቦርሳ አለ፤ ማንገቻዎቹ ላልተው መቀመጫው ድረስ ወርዷል፤ ቀበቶው በግራና በቀኝ ተንዘልዝሏል። ሰላም አለኝ። ስለ አባቴ ጤና ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ ይህ ቦርሳ እኮ ተአምር ነው» አለኝ። «ጓደኞቼ ሁሉ ይጠይቁኛል። አባ ከየት ነው የገዙት?»

«ከሲቀላ» አልኩት።

እባክህ ልየው አልኩና ዞሬ ከኋላው ቆምኩ። እንዲቀደድ ፈልጌ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አንድ የተተረተረ ክር፣ አንድ የተነሳ ጥብጣብ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። የማንገቻውን ሥር ጎተትኩ፣ ታችኛውን ክፍል ዳሰስኩ፣ ዚፑን ከፍቼ ዘጋሁ። ምንም የለም። ያኔ ከክምሩ ሥር ጎትቼ ሳወጣው እንደነበረ ነው። ልጁም አንገቱን አዙሮ «ያመኛል እንጂ» አለ እየሳቀ፣ «ትከሻዬን ያመኛል። ሰው ዕቃ ያበዛብኛል።»

ቤት ስገባ አባቴ ደጃፉ ላይ ጉልበቱን ፀሐይ እያሞቀ ተቀምጦ ነበር። ልጁን ከነቦርሳው እንዳገኘሁት ነገርኩት።

«ስፌቱ ይዟል?» አለኝ።

«ይዟል።»

«ቀበቶውንስ ያስረዋል?»

«አያስረውም። ትከሻዬን ያመኛል ይላል።»

ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ንገሪው» አለኝ፣ «ወገቡ ላይ ይሰረው። ክብደቱን ከትከሻ ያነሳል።»

እሺ አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፤ እስካሁን አልነገርኩትም።